ታኅሣሥ ያለቦታው ቆሟል፤ በቻርት ጄኤስ የኤክስ ዘንግ ላይ የኛን ወር እንዴት ላስቀምጥ?

የይርጋለም_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው። ከአባላት በየቀኑ የምንረከበውን እሸት ቡና በኪሎ፣ የተከፈለበትን ዋጋ ደግሞ በብር እመዘግባለሁ። ያንን መዝገብ አባላቱ በስልካቸው እንዲያዩት በግራፍ አወጣሁት። የምጠቀመው ቻርት ጄኤስ የሚባለውን የግራፍ መሥሪያ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ቨርዥን 4 ነው። መስመሩ ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገሩኝ ዘንጎቹ ናቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስታገላቸው ከረምኩ።

መጀመሪያ የዋይ ዘንግ (ቁመቱ) ከዜሮ እንዲጀምር ፈለግኩ። አንድ የቪዲዮ ትምህርት ላይ ያየሁትን እንዳለ ጻፍኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ የኤክስ ዘንግ (አግድሙ) ላይ የወር ስሞችን በኮልባክ (ላይብረሪው ጽሑፉን ሲጽፍ በሚጠራው የኔ ፈንክሽን) ላሳጥር ስሞክር ስሞቹ ጠፍተው 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብቻ መጣልኝ። እሱን ትቼ ዘንጉን ወደ ጊዜ ዓይነት ቀየርኩት፣ ስሞቹንም በብራውዘሩ የቀን ፎርማተር ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለስኳቸው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ብሎ በአማርኛ ሲወጣ ደስ አለኝ። ያለቀ መስሎኝ ለቀቅኩት።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ሰው፣ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ ስልካቸውን ይዘው ቢሮ መጡ። «ልጄ፣ እኔ የመጨረሻዋን ለቀማ ያስረከብኩት በጥምቀት ማግስት ነው። እዚህ ግን ታኅሣሥ ውስጥ ነው የሚታየው። ጥምቀት ከመቼ ወዲህ ነው ታኅሣሥ የገባው?» አሉኝ። አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ትክክል ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፣ ግራፉ ላይ ግን ያለወሩ ተቀምጧል። ምኑን ነው የሳትኩት? ሰውዬው የራሳቸውን ቀን አጥተው ስለሄዱ በጣም ከንክኖኛል።

ቤቲ_ፍሮንት፦

ሰላም ወንድሜ። ሦስቱም የየራሳቸው ችግር ናቸው፣ አታቀላቅላቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔ ልያዛቸው። ኮድ እዚህ ስንለጥፍ ስለሚበላሽ በቃል ነው የምነግርህ።

ቪዲዮው የቨርዥን 2 መሆን አለበት። ያኔ የዘንግ ቅንብር «ኤክስአክሲስ» እና «ዋይአክሲስ» በሚባሉ ዝርዝሮች ውስጥ ነበር የሚጻፈው፤ «ቢጊንአትዜሮ»ም (ከዜሮ ጀምር የሚለው) «ቲክስ» (የዘንጉ ምልክቶች) ውስጥ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ቨርዥን 3 ሲወጣ ይህ ተቀየረ። አሁን «ስኬልስ» ስር በቀጥታ «ኤክስ» እና «ዋይ» ብለህ ትከፍታለህ፣ «ቢጊንአትዜሮ»ንም እዚያው ዘንጉ ስር ታስቀምጠዋለህ። የዘንጉ ርዕስም ድሮ «ስኬልሌብል» ነበር፣ አሁን «ታይትል» ነው፤ «ዲስፕሌይ»ውን ትሩ ካላልከው ደግሞ አይታይም። የብራውዘሩን ኮንሶል ብትከፍት የዘንጉ ቅንብር ልክ እንዳልሆነ ጽፎልህ ታገኛለህ። ከአሁን በኋላ «ዋይአክሲስ» ብሎ ወዲያው ካሬ ቅንፍ የከፈተ ምሳሌ ካየህ እለፈው።

0፣ 1፣ 2 የመጣብህ ደግሞ ወሮቹን በስም ዝርዝር ስለሰጠኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ዘንጉ የምድብ ዓይነት ይሆናል። በምድብ ዘንግ ላይ ለኮልባኩ መጀመሪያ የሚደርሰው ስሙ ሳይሆን የስሙ ተራ ቁጥር ነው። ስሙን ለማግኘት «ዚስ» ብለህ «ጌትሌብልፎርቫልዩ»ን መጥራት አለብህ። ኮልባኩን በቀስት ፈንክሽን ከጻፍከው ግን «ዚስ» ዘንጉን አያመለክትም፤ ስለዚህ «ፈንክሽን» የሚለውን ቃል ጽፈህ በድሮው መንገድ ጻፈው። እኔ ይህቺን ለማወቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ከኮልባኩ ባዶ ጽሑፍ ብትመልስ ስሙ ብቻ ይጠፋል፣ የግሪዱ መስመር ግን ይቀራል። ነል (ምንም የለም የሚለውን ዋጋ) ብትመልስ መስመሩም አብሮ ይጠፋል። ኋላ ላይ ይጠቅምሃል።

የወሩን ነገር ለጋሼ ትቼዋለሁ። የዘመን አቆጣጠር ላይ ከሳቸው የሚሻል እዚህ የለም።

የሒሳብ_መምህር፦

ቤቲ እግዜር ይስጥሽ። ልጄ፣ አባልህ ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ተመልካች ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ አመስግናቸው።

የጊዜ ዘንጉ ወር ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ብቻ ነው። ቲኩን የሚያቆመው ጃንዋሪ 1፣ ፌብሩዋሪ 1፣ ማርች 1 ላይ ነው። አንተ ቲኩን ከቆመበት ሳታነሳው ስሙን ብቻ ቀየርከው። ጃንዋሪ 1 በኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ነው። ፎርማተሩ «ይህ ቀን ምን ወር ነው?» ስትለው በትክክል «ታኅሣሥ» ብሎ መለሰ። አንባቢው ግን ከመስመር ስር ታኅሣሥ የሚል ጽሑፍ ሲያይ ወሩ እዚያ ይጀምራል ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ያለው ሁሉ ታኅሣሥ ይመስለዋል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19። ታኅሣሥ ውስጥ የገባው በዚህ ነው።

ቲክ ማለት የመሬት ችካል ማለት ነው። ችካሉ ላይ የተጻፈውን ስም ብትቀይር ወሰኑ አይንቀሳቀስም። ችካሉን ነቅለህ ወራችን በእውነት በሚጀምርበት ቦታ መትከል አለብህ።

ለዚህ ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ከጳጉሜን በስተቀር። ስለዚህ የዓመቱን መስከረም 1 ካወቅክ ሌላውን በ30፣ በ60፣ በ90 እየደመርክ ታገኘዋለህ። ጳጉሜን 1 በ360ኛው ላይ ትመጣለች። የ2017 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነበር። 30 ቀን ደምር፣ ኦክቶበር 11፣ ጥቅምት 1። እንደገና 30፣ ኖቬምበር 10፣ ኅዳር 1። ዲሴምበር 10 ታኅሣሥ 1፣ ጃንዋሪ 9 ጥር 1። በቃ።

መስከረም 1ን ራሱን ለማግኘት በኛ ዓመት ላይ 7 ትደምራለህ፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ይህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከሱ በፊት ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ነው አንድ ቀን የሚገፋው። 2015 ሉቃስ ነበር፣ 2016 ዮሐንስ፤ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ዋለ። ይህ ቀመር ከ1900 እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ድረስ ይሠራል፤ ለቡና መዝገብ ይበቃሃል።

የይርጋለም_ልጅ፦

ጋሼ፣ ነገሩ አሁን ነው የበራልኝ። ችካል የሚለው በጣም ገባኝ። ግን ቲኩን ነቅዬ ሌላ ቦታ የምተክለው በምንድን ነው? «ቲክስ» ስር ያለውን «ስቴፕሳይዝ» ሞከርኩ፣ በየ30 ቀኑ ሊያቆምልኝ ፈልጌ፤ እሱም ከየት እንደሚጀምር እኔ አልመርጥም።

ዲ3_ወዳጅ፦

ከቻርት ጄኤስ ጋር ካልተማማልክ ዲ3 የሚባለው ሌላ የግራፍ ላይብረሪ ላይ ይህ የሁለት መስመር ሥራ ነው። ዘንጉን ስትሠራ «ቲክቫልዩስ» ብለህ የቀኖቹን ዝርዝር ትሰጠዋለህ፣ «ቲክፎርማት» ብለህ ስማቸውን ትሰጠዋለህ። የሰጠኸውን ብቻ ነው የሚተክለው። ዘንጉም ኤስቪጂ ስለሆነ ጽሑፉን በሲኤስኤስ እንደፈለግክ ታስተካክለዋለህ።

ቤቲ_ፍሮንት፦

ልክ ብለሃል፣ ዲ3 ላይ ይቀላል። ግን ለአንድ ዘንግ ብሎ ግራፉን ሁሉ ከዜሮ መሥራት፣ ቱልቲፑን (ሲነኩት የሚወጣውን ሳጥን)፣ አኒሜሽኑን፣ በስልክ ስክሪን መጠን መለዋወጡን ሁሉ በእጅ መጻፍ ማለት ነው። ሰውየው የቡናው ሰሞን ሳያልፍ ነው መጨረስ ያለበት።

ቻርት ጄኤስም መንገዱ አለው። ዘንጉ ስር «አፍተርቢልድቲክስ» የሚባል ፈንክሽን መጻፍ ትችላለህ። ላይብረሪው የራሱን ቲኮች ከሠራ በኋላ ይጠራዋል፣ ዘንጉንም ራሱን ይሰጥሃል። አንተ የዘንጉን «ሚን» እና «ማክስ» አይተህ በመካከላቸው የሚውሉትን የወር መጀመሪያዎች ታሰላለህ፣ እያንዳንዱን «ቫልዩ» ባለው ኦብጀክት አድርገህ የዘንጉን «ቲክስ» በነሱ ትተካለህ። ጋሼ ያሉት ችካል ነቀላ ይኸው ነው። ስሙን ደግሞ ኮልባኩ ይጽፈዋል።

እንዲያውም የጊዜ ዘንጉ ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል። የጊዜ ዘንግ ያለ ቀን አዳፕተር አይሠራም፣ ተጨማሪ ፋይል ነው። አባሎችህ በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍቱት፣ እያንዳንዱ ኪሎባይት ከካርዳቸው ይወጣል። ቲኮቹን አንተ ራስህ ከተከልክ ዘንጉን ተራ «ሊኒየር» አድርገው፣ ቀኖቹን በሚሊሰከንድ ስጠው። አንድ ቀን 86,400,000 ሚሊሰከንድ ነው። «ሚን» እና «ማክስ»ን በግልጽ ጻፍለት፤ አለበለዚያ ክብ ቁጥር ፍለጋ ዳርና ዳር ባዶ ቦታ ይጨምራል።

የይርጋለም_ልጅ፦

ሠራ! ጥር 1 ከጃንዋሪ 9 ላይ ቆመ። ጥምቀት ጥር ገባ። ቤቲ፣ ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግናችሁ።

አንድ ነገር ግን ብቅ አለ። መስመሩን በጣት ስነካው የሚወጣው ሳጥን ከላይ በወር ፈንታ ረጅም ቁጥር ያሳያል፣ ቢሊዮንና ትሪሊዮን የሚገባ ቁጥር።

ቤቲ_ፍሮንት፦

ሚሊሰከንዱ ነው እሱ። የዘንጉ ኮልባክ ዘንጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚነካው፣ ቱልቲፑ ሌላ ነው። «ፕላጊንስ» ስር «ቱልቲፕ»፣ ከሱ ስር «ኮልባክስ»፣ ከሱ ስር «ታይትል» ብለህ ቀኑን እዚያም ጻፈው። እዚያ ላይ ወሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ስጣቸው፤ «ጥር 12» ብሎ ሲያዩት ነው ሰውዬው የራሳቸውን የሚያገኙት።

ሜሪላንድ_ማታ፦

ሰላም፣ ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ለቤተሰብ ሥራ እንዲህ ያለ ገጽ ሠርቼ ነበር፣ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቀኖቼ በሙሉ አንድ ቀን ወደኋላ ተንሸራተው ነበር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጥቅምት 1 ሲያይ እኔ መስከረም 30 አያለሁ፣ ያው ፋይል፣ ያው ገጽ። ሁለታችንም በስልክ እየተጨቃጨቅን አንድ ሳምንት አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃቫስክሪፕት ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብቻ የተጻፈበትን ጽሑፍ ሲያነብ የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ነው የሚይዘው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ቀኑ ያው ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል እንጂ አይለወጥም። እኔ ጋ ግን ገና የትናንት ማታ ነው። የወር መጀመሪያ ላይ ያለ ነጥብ ደግሞ ቀን ብቻ ሳይሆን ወርም ይቀይራል።

መፍትሔው ቲኮቹን ስታሰላ በዩቲሲ አስላ፣ ፎርማተሩም ላይ «ታይምዞን» ብለህ ዩቲሲ ጻፍለት። ሁለቱ አንድ ይሁኑ። ያኔ ሪያድ ያለም፣ ቴል አቪቭ ያለም፣ እኔም የምናየው አንድ ነው። እናንተ አገር ቤት ሆናችሁ ስትሞክሩት ስለሚሠራላችሁ ስህተቱን አታዩትም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የይርጋለም_ልጅ፦

እህቴ ተባረኪ። ከውጭ ሆነው ገጹን የሚከፍቱ የአባላት ልጆች አሉን፣ ይህ በራሴ ፈጽሞ አይገለጥልኝም ነበር። አስተካከልኩት፣ የስልኬን ሰዓት ወደ አሜሪካ ቀይሬም ሞከርኩት። ልክ ነው።

ሒሳብ_ክፍል፦

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ግን ግራፍ የማነበው እኔ ነኝና አንድ ነገር ልበል። የዕለቱ ግራፍ ጥሩ። በወር ተደምሮ በባር የሚወጣ ካለህ ግን ጳጉሜንን ምን አደረግካት?

እኛ ቢሮ በየዓመቱ ይህ ጭቅጭቅ አለ። አሥራ ሁለት ረጃጅም ባር ተሰልፎ አሥራ ሦስተኛዋ መሬት ላይ ትቀራለች። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ጳጉሜን ላይ ሥራው ለምን ወደቀ?» ይባላል። አልወደቀም፤ አምስት ቀን ናት! የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን እና መስከረም ነው። 95 ቀን ወይም 96 ቀን። ሌሎቹ ሩቦች 90 ናቸው። ይህንን ያልያዘ ግራፍ ለኛ ሥራ አይሆንም።

የሒሳብ_መምህር፦

እመቤቴ፣ ልክ ነው ያሉት። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደምሮ ስሙንም «ነሐሴ እና ጳጉሜን» ብሎ መጻፍ፣ ወይም ድምሩን ትቶ የቀን አማካይ ማውጣት። እኔ የቀን አማካዩን እመርጣለሁ፤ አምስት ቀንም ሆነ ሠላሳ ቀን በአንድ ሚዛን ይታያል። ያን ጊዜ ግን የዋይ ዘንጉ ርዕስ «ኪሎ» ሳይሆን «ኪሎ በቀን» መሆን አለበት። ርዕሱን ሳይቀይሩ ቁጥሩን መቀየር ሰው ያሳስታል።

ሒሳብ_ክፍል፦

ለኛ ድምር ግድ ነው ጋሼ፣ ሪፖርት የሚጠየቀው በድምር ነው። ስለዚህ «ነሐሴ እና ጳጉሜን» ይሻለናል። ግን ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ይዞርብን ይሆን?

ቤቲ_ፍሮንት፦

አይዞርም። ከኮልባኩ አንድ ጽሑፍ በመመለስ ፈንታ ዝርዝር ብትመልሺ ቻርት ጄኤስ በሁለት መስመር ይጽፈዋል፤ ላይ ነሐሴ፣ ታች ጳጉሜን። «ማክስሮቴሽን»ን ደግሞ ዜሮ አድርጊው፣ ጽሑፉ ፈጽሞ አይዘነብልም። የአማርኛ ፊደል ተጋድሞ ሲጻፍ ማንበብ በጣም ያደክማል፤ እኔ ሁሌም ዜሮ ነው የማደርገው።

ዓመቱንም በዚሁ መንገድ መጻፍ ይቻላል። መስከረም ላይ ብቻ ከስር 2017 የሚል ሁለተኛ መስመር ይጨመር፤ ሌሎቹ ወሮች ስማቸው ብቻ ይበቃል።

የይርጋለም_ልጅ ጋ ስንመለስ፣ የዕለቱ ግራፍ ላይ ጳጉሜን እና መስከረም በአምስት ቀን ልዩነት ስለሚቆሙ ስማቸው ይደራረባል። ላይብረሪው «ኦቶስኪፕ» በሚባለው ሲያስተካክለው ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ሌሎች ወሮችንም እያለፈ ያጠፋብሃል። «ኦቶስኪፕ»ን ዝጋው፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ባዶ ጽሑፍ መልስ። መስመሯ ትቀራለች፣ ስሟ ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ የነገርኩህ የባዶና የነል ልዩነት እዚህ ነው የሚጠቅመው።

የይርጋለም_ልጅ፦

አሁን የዋይ ዘንግ ላይ ልጠይቅ። ኪሎውና ብሩ አንድ ግራፍ ላይ ነው ያሉት። ኪሎው በሺዎች ነው፣ ብሩ በአሥሮች፤ አንድ ዘንግ ላይ ሳደርጋቸው የብሩ መስመር መሬት ላይ ተኝቶ አይታይም። ሁለተኛ ዘንግ በቀኝ ጨመርኩ፣ ግን ብሩ አሁንም በግራው ዘንግ ነው የሚለካው። ደግሞ ኃላፊዬ የዋጋው ዘንግ ከ50 ብር እንዲጀምር ይፈልጋል፣ ጭማሪው ጎልቶ እንዲታይ። ልክ ነው?

ቤቲ_ፍሮንት፦

ዳታሴቱ (የመስመሩ መረጃ) ላይ «ዋይአክሲስአይዲ» ብለህ የሰጠኸው ስም «ስኬልስ» ስር ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። እሱን እይ። የቀኙ ዘንግ ላይ «ግሪድ» ስር «ድሮውኦንቻርትኤሪያ»ን ፎልስ በለው፤ አለበለዚያ የሁለቱ ዘንግ መስመሮች ተደራርበው ግራፉ ወንፊት ይመስላል። የየዘንጉን ቁጥር ቀለም ከራሱ መስመር ቀለም ጋር አንድ አድርገው።

እውነቱን ለመናገር ግን ባለሁለት ዘንጉን አልወደውም። ኪሎውና ብሩ የሚቆራረጡበት ቦታ ምንም ትርጉም የለውም፤ አንዱን ዘንግ ትንሽ ብትስበው መቆራረጫው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሰው ግን እዚያች ነጥብ ላይ ነው የሚያፈጠው፣ «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» እያለ። ሁለት ግራፍ አድርገው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ የኤክስ ዘንጋቸው «ሚን» እና «ማክስ» አንድ ይሁን። የግራ ቁጥሮቹ ስፋት ስለሚለያይ ወሮቹ ቀጥ ብለው አይገጥሙም፤ ለዚያ የዋይ ዘንጉ ስር «አፍተርፊት» በሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ለሁለቱም አንድ ዓይነት «ዊድዝ» ስጣቸው። እኔ 60 ፒክሰል ነው የምሰጠው። ያኔ ጥር ከጥር ስር ልክ ይወድቃል።

ኪሎውንም በኩንታል አሳያቸው። 14,000 ኪሎ ከማለት 140 ኩንታል ለገበሬ ይቀርባል፣ ዘንጉም ጠበብ ይላል።

የሒሳብ_መምህር፦

ስለ 50 ብሩ እኔ ልናገር። ባር ቢሆን ኖሮ ክርክር የለውም፤ ባር በርዝመቱ ነው የሚናገረው፣ ግርጌውን ቆርጠህ ብታወጣው 55 ብር ከ52 ብር እጥፍ በላይ መስሎ ይታያል። ቻርት ጄኤስ ራሱ ከቨርዥን 3 ወዲህ ባርን ያለ ትእዛዝ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። በመስመር ግን ሰው የሚያየው ዘንበሉን ነው።

የኔ ሐሳብ ግን፣ ይህንን የሚያየው ገበሬ ቡናውን ሸጦ የልጁን ደብተር የሚገዛ ሰው ነው። የ3 ብር ጭማሪ ተራራ አክሎ ሲታየው የሌለ ተስፋ ይሰጠዋል፣ የ3 ብር ቅናሽ ደግሞ ገደል ይመስለዋል። እኔ ብሆን ከዜሮ እጀምረው ነበር።

ቤቲ_ፍሮንት፦

ጋሼ እዚህ ላይ አልስማማም። ከዜሮ ሲጀምር የ3 ብሩ ለውጥ ጭራሽ አይታይም፣ ገበሬው ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። በአንድ ኪሎ 3 ብር ማለት ብዙ ኩንታል ለሚያስረክብ ሰው ትልቅ ገንዘብ ነው። መስመር ይሁን፣ ከ50 አካባቢ ይጀምር፣ የዘንጉ ርዕስ ላይ ግን «ዋጋ በብር፣ ከ50 ጀምሮ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

አንተም ልጅ፣ «ሚን» 50 ብለህ አትቆልፈው። ዋጋው አንድ ቀን 48 ቢወርድ ነጥቡ ከግራፉ ውጭ ይቀራል፣ መስመሩ ወለሉ ስር ገብቶ ይጠፋል። «ሰጀስትድሚን» በለው። እሱ 50 ድረስ ይወርዳል፣ መረጃው ከዚያ ካነሰ ግን ዘንጉ አብሮ ይወርዳል። ዋጋ የወረደበትን ቀን የሚደብቅ ግራፍ ለማንም አይጠቅምም።

ሒሳብ_ክፍል፦

«ከ50 ጀምሮ» የሚለውን ወድጄዋለሁ። እኔም ሪፖርት ላይ እጠቀምበታለሁ።

የይርጋለም_ልጅ፦

ሁለቱንም ሠርቼ ለአባላቱ አሳያቸዋለሁ፣ እነሱ ይምረጡ። ለኃላፊዬም የጋሼን ሐሳብ እነግረዋለሁ።

እሑድ እሑድ ቡና አንረከብም። መስመሩ ግን ቅዳሜን ከሰኞ አያይዞ ያልፋል፣ እሑድም የገዛን ያስመስላል። እሑድን ነል ብዬ ስሰጠው መስመሩ ተቆረጠ፣ ክፍተቱን የሚያገናኘውን «ስፓንጋፕስ»ንም አልከፈትኩትም። እንዲህ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ቤቲ_ፍሮንት፦

ጥሩ አድርገሃል። ያልተገዛበት ቀን ባዶ ሆኖ ይታይ።

የቀረችህ አንዲት ነገር ፊደሉ ናት። ቻርት ጄኤስ በካንቫስ (በብራውዘሩ የሥዕል ሰሌዳ) ላይ ነው የሚስለው። ካንቫስ አንዴ ከሳለ በኋላ ፎንቱ ቢደርስም ተመልሶ አያስተካክለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ከገጹ ጋር የምትልክ ከሆነ፣ ፎንቱ እስኪጫን ጠብቀህ ነው ግራፉን መሥራት ያለብህ፤ የብራውዘሩ «ዶክዩመንት ፎንትስ» ውስጥ «ሎድ» የሚል አለ፣ እሱ ሲጨርስ ጀምር። በድሮ ስልክ ላይ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ወሮቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ይቀራሉ፣ ኔትወርኩ ቀርፋፋ የሆነበት ቦታ ደግሞ ይህ በየቀኑ የሚገጥም ነው።

የይርጋለም_ልጅ፦

ዛሬ ሰውዬው ድጋሚ መጡ። ስልካቸውን ሰጥቼ ምንም ሳልናገር ቆምኩ። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ሄደው ጥር ላይ ቆሙ፣ ነኩት፣ «ጥር 12» ብሎ ወጣ። «አዎ፣ የኔ ቀን ይቺ ናት» አሉ። የዋጋውን ግን ከዜሮ የሚጀምረውን ነው የመረጡት ጋሼ። ሁለት ወጣት አባላት ደግሞ የቤቲን መረጡ። ሁለቱንም ገጹ ላይ አድርጌ በቁልፍ እንዲቀያየሩ አደረግኩ።

የሒሳብ_መምህር፦

በጣም ደስ ብሎኛል። ሥራህን ሳትዘጋ አንዲት ነገር ሞክርልኝ። የ2020 መስከረም 1ን ፈንክሽንህ ስንት ይሰጥሃል? ዘመነ ዮሐንስ ነው።

የይርጋለም_ልጅ፦

ሴፕቴምበር 12፣ 2027 ሰጠኝ።

የሒሳብ_መምህር፦

በቃ፣ ልክ ነው።